በጭብጨባ የጸደቀው ግብር

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬም አመሌም ነው። የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ሲሆን የተመደብኩት ግን ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ነው። ስሟን አልጽፍም። ብጽፈው ሰዎቹን በጣት መጠቆም ይሆንብኛል፤ ደግሞም ያየሁት ነገር የእሷ ብቻ አይመስለኝም። በገብስና በስንዴ ማሳ የተከበበች፣ ጠዋት ጭጋጉ እስኪነሳ ድረስ የጋሪ ፈረስ ኮቴ እንጂ ፈረሱ የማይታይባት ብርዳም ከተማ ናት።

ያኔ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሰሌዳውን ለሦስት ከፍዬ የምጽፍ፣ ተማሪ ሲጠይቀኝ ደስታዬን መደበቅ የማልችል ሰው ነበርኩ። ከምዕራፎቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው የመንግሥት ሥልጣን ገደብ የሚለውን ነው። «መንግሥት ትልቅ ነው፤ ግን አጥር አለው» እያልኩ አጥሩን በቀይ ጠመኔ እሥልላቸው ነበር። አጥሩ የተሠራው ከቃላት መሆኑን አውቃለሁ። ቃላት ደግሞ ይበቃሉ ብዬ አምን ነበር።

አንድ ረቡዕ ርእሰ መምህራችን አቶ ተሾመ አስጠሩኝ።

«ከተማው ነገ ነጋዴዎችን ይሰበስባል» አሉኝ። «ስለ ታክስና ስለ ሕገ መንግሥቱ መክፈቻ ላይ ማብራሪያ የሚሰጥ ሰው ላኩልን ብለዋል። ከአንቺ የሚሻል አላየሁም።»

«ምን ያህል ደቂቃ ይሰጠኛል?»

«አንቺ ደግሞ! ሰዓት ከሰጡሽማ እስከ ማታ ትይዣቸዋለሽ» ብለው ሳቁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ትልልቅ ወረቀቶቼን ጠቅልዬ አዳራሹ ገባሁ። ከፊት ለፊት ሶፋ፣ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል። ከኋላ ባለሱቆች፣ ባለሆቴሎች፣ እህል ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የከተማው ምክትል ኃላፊ አቶ ገመቹ ነበሩ፤ ፈገግታ ከፊታቸው የማይጠፋ፣ ለሁሉም «እናታችን፣ ወንድማችን» የሚሉ ሰው።

ያስረዳሁትን ለእናንተም ባጭሩ ልድገመው፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ያለዚህ አይገባም። ግብር የሚጣለው በሕግ ብቻ ነው። ሕጉን የሚያወጣው ደግሞ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት እንጂ ቢሮ አይደለም። ኩባንያ በሕግ ዓይን ሰው ነው፤ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ያፈራል። ንብረቱም የሥራ አስኪያጁ ሳይሆን የራሱ የኩባንያው ነው። በኩባንያ ትርፍ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ለፌዴራሉ መንግሥትና ለክልሉ በጋራ የተሰጠ ነው። አንድ ከተማ ሕግ ሳይፈቅድለት ተነሥቶ አዲስ የኩባንያ ግብር ሊፈጥር አይችልም።

ይህን ስናገር አንዳንድ ነጋዴዎች ቀና ቀና ሲሉ አየሁ። ደስ አለኝ። ስጨርስ አቶ ገመቹ እጃቸውን አወጡ።

«መምህርት፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለልማት ቢሰጥስ? እሱም ሕግ ይፈልጋል?»

«አይፈልግም» አልኩ። «በፈቃድ የተሰጠ ስጦታ ነው። አጥሩ የቆመው ለማስገደድ ነው እንጂ ለመስጠት አይደለም።»

«እግዜር ይስጥልን። ግልጽ ነው።»

መልሱ ትክክል ነበር። ዛሬም ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

አቶ ገመቹ ተነሡ። «እንግዲህ መምህርታችን እንዳስረዳችን፣ አሁን የምናቀርብላችሁ ግብር አይደለም። ከተማችን የመግቢያ በር የላትም። እንግዳ ሲመጣ የት እንደገባ አያውቅም። በአምድ የቆመ፣ ባለ መብራት በር እናሠራለን። ከሱቅ እኩል፣ ከኩባንያ ደግሞ በተመዘገበ ካፒታሉ መጠን ይዋጣል። በፈቃደኝነት ነው። በጭብጨባ እናጽድቀው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ቅድም ቀና ብለው የነበሩት ሰዎች አንገታቸውን ሰብረው አጨበጨቡ። የእኔ እጆች ወረቀቶቹን ታቅፈው ነበር፤ ስለዚህ አላጨበጨብኩም፤ የምኮራበት ግን አይደለም።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለዋል። የዱቄት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አዴ ዘይነባ ናቸው፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው።

«እናታችን፣ እጅዎን ታመዋል እንዴ?» አሉ አቶ ገመቹ። ሰው ሳቀ።

አዴ ዘይነባ ተነሡ። «እጄ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ፋብሪካው የኔ ቢሆን አጨበጭብ ነበር። የኔ አይደለም፤ የኩባንያው ነው። ባለ አክሲዮኖቹ ሳይሰበሰቡ የነሱን ንብረት በጭብጨባ አልሰጥም። ግብር ነው ካላችሁ ደግሞ ሕጉን አሳዩኝና ነገ ጠዋት እከፍላለሁ።»

«ኩባንያ እጅ የለውም፣ እናታችን። የሚያጨበጭቡለት እርስዎ ነዎት።»

እንደገና ተሳቀ። አዴ ዘይነባ ተቀመጡ። እኔ በልቤ «ይኸውና! ያስተማርኩት ገባቸው!» እያልኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የፋብሪካው ሠራተኞች ደጅ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በሩ ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ቁልፉን አቅፎ ተለጥፏል፤ «ለቁጥጥር ሲባል ታሽጓል» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

አዴ ዘይነባ ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። «ነይ ኢንታላ ኮ፣ ነይ ልጄ። ትናንት ጥሩ አድርገሽ ተናግረሻል። ይኼ የትኛው አንቀጽ ነው?»

«ምክንያት ሳይነገራችሁ?»

«ከነጋ መጥተው ለጠፉት። በምን መመሪያ ብላቸው ‘በቁጥጥር’ አሉኝ። ምን ጎደለን ብላቸው ‘ሲጣራ ይታወቃል’ አሉኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሸጉስ ይሁን። ውስጥ ስንዴ አለ፤ ውሃ የጠጣ።»

እንዳልገባኝ አይተው አስረዱኝ። ስንዴ ለዱቄት ከመፈጨቱ በፊት ውሃ ይረጭበትና በትልልቅ የቆርቆሮ ጎተራ ውስጥ ያድራል፤ ቅርፊቱ እንዲላላ። በማግሥቱ መፈጨት አለበት። ካልተፈጨ ይሞቃል፤ ከዚያ ይበቅላል፤ ከዚያ ይሸታል። ሁለቱ ጎተራዎች ሐሙስ ማታ ተሞልተዋል። ስንዴው የተገዛው በባንክ ብድር ነው፤ ከተበላሸ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ደጅ የቆሙት ሠራተኞችም እዚያው ደጅ ይቀራሉ።

ክፍለ ጊዜዬን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼ አብሬያቸው ወደ ቢሮው ሄድኩ። አቶ ገመቹ የሉም፤ አሰላ ስብሰባ ላይ ናቸው። የንግድ ክፍሉ «ያሸግነው እኛ አይደለንም፤ ጤና ነው» አለ። ጤናው «የኛ ማኅተም እንዲህ አይደለም፤ ገቢዎችን ጠይቁ» አለ። ገቢዎች ያለችው ልጅ ጥፍሯን ቀለም እየቀባች፣ «እናቴ፣ ያሸገ ሰው ነው የሚከፍተው» አለች። በየበሩ ስለ ጎተራው አስረዳሁ። ሁሉም አዳመጡኝ፤ ሁሉም «ያሳዝናል» አሉ። ከሰዓት በኋላ ቢሮዎቹ ባዶ ነበሩ። የሚመጡት ሁለት ቀናት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ናቸው።

ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ አሰላ ወረድን። አዴ ዘይነባ የሚያውቁት ጠበቃ ዘንድ በባጃጅ ሄድን። ሰውየው ሁሉንም ነገር በጥሞና ሰማ። እኔም በቅደም ተከተል አስረዳሁ፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

«ትክክል ነሽ» አለኝ። «አንዲት ስህተት የለብሽም። ግን ትክክል መሆንም ቀጠሮ አለው። ሰኞ እግድ እንጠይቃለን። ዳኛው ሌላውን ወገን ሳልሰማ አላዝም ሊል ይችላል። መልስ ይቅረብ ብሎ ለሳምንት ይቀጥረዋል።»

«ስንዴው ለሳምንት ይቀጠራል?» አሉት አዴ ዘይነባ።

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ወረቀቱን ቀደን ብንገባስ?» አሉ ቀጥለው።

«ማኅተም መቅደድ ወንጀል ነው። እሱን እየጠበቁ ይሆናል። ያኔ ነገሩ ስለ በር መዋጮ መሆኑ ይቀርና ስለ እርስዎ ይሆናል።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እኔ ነበርኩ የምናገረው። ክሱን፣ ይግባኙን፣ ሕገ መንግሥቱ ስለ ንብረት የሚለውን። አንድ ቦታ ላይ አዴ ዘይነባ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና «ጎሽ» አሉኝ፤ ልጅን ዝም ለማሰኘት እንደሚባለው።

ሰኞ ጠዋት ገና ሰልፍ ላይ እያለን አቶ ተሾመ መጡ። «አቶ ገመቹ ይፈልጉሻል። አሁኑኑ።»

ቢሯቸው ስገባ መፋቂያ ይዘው ጥርሳቸውን እየፋቁ ነበር። ቁጭ በይ አሉኝ። ፍቅፋቂውን ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ቅርጫት እትፍ ይላሉ፤ ይናገራሉ፤ እንደገና ይፍቃሉ።

«ችግር ገጥሞናል፣ መምህርት። ቃለ ጉባኤው ‘በሙሉ ድምፅ ጸደቀ’ ይላል። አንድ ሰው ግን አላጨበጨበም። ነገ አንዱ ተነሥቶ ‘ይኼ ያለ ሕግ የተጣለ ግብር ነው’ ቢልስ? አንቺው ነሽ ያስተማርሽን፤ ፈቃድ ካለ ሕግ አያስፈልግም። ስለዚህ ፈቃዱ ሙሉ መሆን አለበት።»

«እሽጉ ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥጥር ነው።»

«ካጨበጨቡ ቁጥጥሩ ያልቃል?»

ፈገግ አሉ። መፋቂያው ጥርሳቸው መሀል እንዳለ ነው። «ቁጥጥር መቼም መጨረሻ አለው። ዛሬ ከሰዓት ነጋዴዎቹን እንደገና እንሰበስባለን። እናታችን አንቺን ይወዱሻል አሉ። አስረጂያቸው። ማስረዳት ታውቂበታለሽ።»

በዚያች ቅጽበት ያንገሸገሸኝን ስሜት በደንብ ልግለጸው። ቁጣ አይደለም፤ ቁጣን አውቀዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን አላነበቡም ብዬ አስብ ነበር። አንብበውታል። ከኔ በላይ በጥንቃቄ አንብበውታል። አጥሩ የት ጋ እንደቆመ አይተው፣ በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን ሰድደው የሰው ጉሮሮ መያዝን ተምረውበታል። ቀዳዳው ደግሞ ፈቃድ የሚባለው፣ ከሁሉ የሚያምረው ቃል ነው። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ፋብሪካው ስደርስ ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። እንደ ጠላ ጥንስስ ይጀምርና መጨረሻው ላይ እንደ እርጥብ ካልሲ ይሆናል። አዴ ዘይነባ ከጓሮ በኩል ነበሩ። ጎተራዎቹ የቆርቆሮውን ግድግዳ ከውስጥ ተደግፈው ነው የቆሙት።

«ንኪው» አሉኝ።

ጠዋቱ አጥንት ይሰብራል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። እጄን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። እንደ ላም ጎን ይሞቃል። ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ።

«ይኼኛው አልቆለታል» አሉ። «ያኛው ግን ገና ለብ ያለ ነው። ዛሬ ከተከፈተ ይተርፋል።»

አቶ ገመቹ ያሉኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ ለመንኳቸው። «እንዳያጨበጭቡ፣ አዴ። ካጨበጨቡ በሕግም አለቀ። ፈቀዱ ይባላል። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ በር ያመጣሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሐሙስ ለት ምን አልኩ? ባለ አክሲዮኖቹ ሳይሰበሰቡ አላጨበጭብም አልኩ። ትናንት በስልክ ሰበሰብኳቸው። ሁሉም አጨብጭቢ አሉ። ኩባንያው ወስኗል፣ ኢንታላ ኮ። እጁ እኔ ነኝ።»

ያሉት በሕግ በኩል አንድም ግድፈት የለውም።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ» አሉኝ። «እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዳትናገሪ። ትናገሪያለሽ፤ እሱ ይመልሳል፤ ሰው ይንጫጫል፤ ስብሰባው ለነገ ይባላል። ስንዴውን አንቺ ታደርቂልኛለሽ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ለዛሬ ብቻ።»

ቃል ገባሁ። በሕይወቴ የገባሁት ከባዱ ቃል ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ እንደ ሐሙሱ ሞላ። እኔን ከፊት ካለው ሶፋ ጫፍ ላይ ከአቶ ተሾመ ጎን አስቀመጡኝ። አቶ ገመቹ ተነሡ። «ባለፈው የጋራ ስምምነታችን ላይ አንዲት እናታችን ጥያቄ ነበራቸው። ጥያቄያቸው ተመልሷል። እናታችን፣ እንግዲህ...»

አዴ ዘይነባ ተነሡና ሻሻቸውን አስተካከሉ። አጨበጨቡ።

አንድ ሰው ብቻውን ሲያጨበጭብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የሁለት መዳፍ ድምፅ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ? ፊታቸው ላይ ምንም የለም። የሚያዩት ግድግዳውን ነው።

«ከፍ ያድርጉት፣ እናታችን» አሉ አቶ ገመቹ እየሳቁ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አዴ ዘይነባ ከፍ አደረጉት። ከዚያ አንዱ ተቀላቀለ፤ ሌላው ተከተለ፤ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበላቸው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውም ሱቅ ላይ ያ ወረቀት ሊለጠፍ እንደሚችል ያውቃሉ። ጭብጨባው ግን የፍርሃት አይመስልም ነበር። የደስታ ይመስል ነበር። በጣም የቀፈፈኝ ይኼ ነው፤ ሌላ ሰው ሲዋረድ አይቶ እፎይ የማለት ደስታ። ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረውን ሁሉ ነክሼ ያዝኩት።

«‘በሙሉ ድምፅ’ ተብሎ ይያዝ» አሉ አቶ ገመቹ። ቀጥለው አንድ በፍሬም የተደረገ ወረቀት አነሡ። «የሕግ ግንዛቤ ለሰጠችን መምህርታችን የምስጋና የምስክር ወረቀት አዘጋጅተናል። መምህርት፣ ወደዚህ!»

ጭብጨባው እንደገና ተነሣ። አልተነሣሁም። አቶ ተሾመ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «ተነሺ እንጂ! ምን ነካሽ?» አልተነሣሁም። የተነሣሁ እንደሆነ እዚያው መሀል ላይ የሚያስመልሰኝ መሰለኝ። ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ፤ ዝምታም ሊሆን ተቃረበ። ያኔ አቶ ተሾመ ፈጠን ብለው ተነሡ።

«እኔ በስሟ ልቀበል!» አሉ።

ተጨበጨበላቸው።

ማኅተሙ ስብሰባው ባለቀ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተነሣ። አንድ የቢሮ ሠራተኛ መጥቶ ወረቀቱን በጥፍሩ ፍቆ አነሣው። ምን እንደተጣራ፣ ምን እንደተገኘ አልተናገረም። በሩ ሲከፈት ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ መለሰን። የመጀመሪያው ጎተራ ውስጥ ያለው ስንዴ ስንዴ አይመስልም፤ ጠቁሮ፣ ነጭ ሥር አውጥቶ፣ እንደ ጡብ ተያይዟል። ሠራተኞቹ በአካፋ እየቆረሱ አወጡት። ከብት እንኳ አሽትቶት ዞር አለ። ሁለተኛው ጎተራ ተረፈ። ማሽኑ ተነሥቶ ማጉረምረም ሲጀምር አዴ ዘይነባ ወደ እኔ መጡ። ዱቄት የነካው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ቃልሽን ጠበቅሽ። ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ምስጋና ከሁለት ወገን ተሰጠኝ እንግዲህ። የትኛው እንደበለጠ ያመመኝ አላውቅም።

አዴ ዘይነባን ለሚፈርድባቸው ሰው አንድ ነገር ልበል። እሳቸው አልተሸነፉም፤ ወይም ከተሸነፉ የተሸነፉት እኛ ሁላችን በተቀመጥንበት ነው። ሐሙስ ለት አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ባለሱቅ ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ ቢያኖር ኖሮ «አንዲት እናታችን» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ሰው ብቻውን ሲሆን ይታሸጋል። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ምዕራፉን ዛሬም አስተምራለሁ፤ ቃሎቹ እውነት ናቸው፤ ኩባንያ ሰው ነው፣ ግብር በሕግ ነው፣ መንግሥት አጥር አለው። አሁን ግን አጥሩን ከሣልኩ በኋላ ተማሪዎቼን «ቀዳዳው የት ጋ ነው?» እላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ከዚያ ያስባሉ፤ ከዚያ ከኔ በፊት ያገኙታል። ሌላው ነገር፣ አንድ ልጅ ትክክል ሲመልስ «አጨብጭቡለት» የሚባለውን ልማድ ከክፍሌ አስወጥቻለሁ። ተማሪዎቹ አኩርፈውኝ ነበር። መልሱ ትክክል ከሆነ ለምን ትክክል እንደሆነ ንገሩት አልኳቸው። ይከብዳቸዋል። ይክበዳቸው።

አንባቢዎቼ፣ እናንተም አንድ ቀን እንደዚያ ያለ አዳራሽ ውስጥ ትቀመጣላችሁ፤ ምናልባት ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። «በጭብጨባ እናጽድቀው» ሲባል እጃችሁ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ባላጨበጭብ ነገ ምን ይደርስብኛል? መልሱ «ምንም» ከሆነ እንደ ልባችሁ አጨብጭቡ። ሆዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ከተገላበጠ ግን የተጠየቃችሁት ፈቃድ አይደለም።

የምስክር ወረቀቱ አሁንም አቶ ተሾመ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ነይ ውሰጂ እንጂ፣ ስምሽ ያለበት ነው» ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር። አልወሰድኩትም፤ አልወስደውምም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ተቀብያለሁ።